የቢቸናው አገልጋይ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ቢቸና አንድ መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ግቢውን አጨቅይቶታል፤ ጫማችንን በድንጋይ ጠርዝ እየጠረግን፣ ጃንጥላችንን አጣጥፈን ቆመናል። ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ ሻሽ ጠምጥመው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ገና በጠዋት ከገጠር የመጡ ናቸው። እንግዲህ ተራው ሊደርሳቸው ሲል ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ልጅ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ሲስተም የለም» አለን። አለና ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ።

በእኛ ጊዜ «ኃላፊው የሉም» ነበር የሚባለው። ዛሬ ኃላፊው አሉ፣ ወንበሩ አለ፣ ጠረጴዛው አለ፣ የሌለው ሲስተሙ ነው። ሲስተም የሚባለው ሰውዬ የት እንደሚውል የነገረን የለም። ሽማግሌው ዞር ብለው፣ «መቼ ነው የሚመጣ ብሏል?» አሉኝ።

እስኪመጣ ድረስ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ልጄ፣ «እማዬ፣ ሁሉም ነገር በአማርኛ ይሁንልሽ» ብላ ቋንቋውን ቀይራልኛለች። ቀጠሮዬን ላይበት ስል ስልኬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አገልጋዩ ምላሽ እየሰጠ አይደለም። ቆይተው እንደገና ይሞክሩ።» አገልጋዩ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ደሜ ፈላ። በዚህች ቃል የተነሳ እኮ ሰው ከቤቱ፣ ከሚስቱ፣ ከሥራው ተነቅሏል። አሁን ደግሞ ያቺው ቃል በሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ተዝናንታ ትኖራለች።

ያኔ ከባሕር ዳር በኮምፒውተር ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ አገሬ ወደ ቢቸና የተመለስኩ ወጣት ነበርኩ። ኮምፒውተር ዳንቴል ተደርቦበት የሚቀመጥበት፣ ክፍሉም ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ዘመን ነው። የሠራሁበትን መሥሪያ ቤት ስሙን አልጠራም፤ ፈርሶ በሌላ ተተክቷል። ሰው ስለ ይዞታው ማስረጃ ሊያወጣ የሚመጣበት ቦታ ነበር ብል ይበቃል። ዋናው ቢቸና ሲሆን ሞጣና ሌሎችም ቦታዎች ቅርንጫፎች ነበሩት። የሰው ማህደር ሁሉ የሚቀመጥበት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ቢቸና ነበረን፣ አንድ ደግሞ ሞጣ። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከእሱ እየጠየቁ ነው የሚሠሩት። ሰርቨር እንለዋለን።

የቢቸናው በዊንዶውስ ነበር የሚሠራው። ጥፋቱን ሁሉ በዊንዶውስ ላይ አልደፈድፍም፤ የጫኑልን የተኮረጀ ቅጂ ነበር፤ ሠራተኛውም ከየትም የለቀመውን ፍላሽ አምጥቶ ይሰካበታል። ብቻ ማሽኑ ጠዋት አንድ ጊዜ ቀጥ ይላል፣ ከምሳ በፊት ይደግማል፣ ከሰዓት በኋላማ አይጠየቅም። ፕሪንተር ሲቀየርለት ሪስታርት፣ አንዲት ፕሮግራም ስትጫንበት ሪስታርት፣ አለምክንያት ደግሞ እንዲሁ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ። እያንዳንዱ ሪስታርት ቡና ተፈልቶ ሊጠጣበት የሚችል ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ከሸበልና ከየቀበሌው በእግር የመጣ ገበሬ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «ጥሩዓለም! ተኛ!» ይሉኛል ከየክፍሉ። ሮጬ ሄጄ ቁልፉን እጫንና አስነሳዋለሁ። ስሜን ትተው «ቀስቃሿ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር።

የሞጣው ግን አይተኛም ይባል ነበር። እዚያ ያለው ባለሙያ ሙሉቀን የሚባል ልጅ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ነበር፤ ራሱ ቅኔ መዝረፍ ላይ ደርሶ ነው ትቶ ወደ ቀለም ትምህርት የገባው። የሱን ማሽን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ስርዓት ነበር የሚያሠራው። እኔ በዚያን ጊዜ ስሙን እንጂ መልኩን አላውቀውም። «ከመስቀል ወዲህ ሪስታርት አላደረግሁትም» አለኝ አንድ ቀን በስልክ። «ሂድ ወዲያ፣ ውሸታም!» አልኩት። ኃላፊያችንም ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ «ሄደሽ እይና ነይ» አለኝ።

ዐቢይ ጾም ነበር። ጠዋት በቅጥቅጥ ተሳፍሬ ወጣሁ። አስፋልት የለ ምን የለ፤ አቧራው በመስኮት ገብቶ ቅንድባችንን ሁሉ አሸበተው። ደብረ ወርቅ ላይ ቆመን፣ ሴቶቹ በሳህን የሚያዞሩትን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እያጠቀስኩ በላሁ። እስካሁን ድረስ እንደዚያ የጣመኝ ድንች የለም፤ ረሃቤ ይሁን ወጣትነቴ እንጃ። ማሳው ሁሉ ታጭዶ አልቆ፣ አገሩ ቢጫ ሆኖ፣ ከብቱ ቃርሚያ ላይ ተበትኗል። ሞጣ ስደርስ ነጠላዬ ቀለሙን ቀይሮ ነበር።

ሙሉቀን ጫማዬን አስወልቆ አስገባኝ። ማሽኑ ጥግ ላይ ሆኖ እንደ ንብ ቀፎ እም ይላል። ከሥሩ ሁለት የጭነት መኪና ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ ከደጀን ሾፌሮች ለምኖ ያመጣቸው አሮጌዎች ናቸው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ከባትሪው እንዲመገብ አድርጎ አገናኝቶታል። ስናወራ እያለን እንዳጋጣሚ መብራቱ ድርግም አለ። እኔ እንደ ልማዴ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«ተቀመጭ እንጂ፣ ጥሩዬ» አለኝ እየሳቀ። «አይተኛም፤ ስለዚህም አይነሳም።»

እውነትም እምታው አልተቋረጠም። መብራቱ ሲመለስ አንዲት ቃል ጻፈበትና ማሽኑ ራሱ መለሰለት፤ ከተነሳ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሆነው። ቀኑን ብቆጥረው መስቀል ነበር።

«ጨርሶ አይነሳም ማለት ነው?» አልኩት።

«ይነሳል፤ ልቡ ሲቀየር። ሌላ ሌላውን ሳይነሳ እያስተካከልሽ ትኖሪያለሽ። የእናንተው ግን ጫማው በተቀየረ ቁጥር ይነሳል።»

ማታ ቤታቸው ወሰደኝ። ጭቃው ገና ያልደረቀ፣ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ሚስቱ እናኑ እዚያው ሞጣ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ሆዷ ገፍቷል። ስልጆና ተልባ ፍትፍት አቀረበችልንና አልጋው ጫፍ ላይ ደገፍ ብላ፣ «እኔን እንዴት አደርሽ ሳይል እኮ ማሽኑ እንዴት አደረ ብሎ ነው የሚወጣ» አለችኝ። ይኼን ስትል እየሳቀች ነበር። «ብቻ እዚህ ይሁንልኝ። ስወልድ አጠገቤ ይሁንልኝ እንጂ ሌላውን ችየዋለሁ። እናቴም ሞታለች፣ ሌላ ሰው የለኝም።»

እንግዲህ ያን ቤት፣ ያቺን ሴት አይቼ ነው የተመለስኩ። ለዚህ ነው እስካሁን ነገሩ የማይለቀኝ።

ከፋሲካ በኋላ ቢቸና ግምገማ ተጠራ። ከየቅርንጫፉ ሠራተኛው ተሰበሰበ። ኃላፊያችን ገና አዲስ ተሹሞ የመጣ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት አንዱ ክረምት ሳይገባ፣ አንዱ ክረምት ሳይወጣ ከቦታው ተነስተዋል። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንኳ ጠርዙን ይዞ ነው። ንግግሩን ሲጀምር ሁልጊዜ «እኔ የሕዝብ አገልጋይ ነኝ» ይላል። ያን ዕለትም አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ እያደነጋገራችሁን ነው። ሰርቨር ምናምን እያላችሁ አታደናግሩ። በአማርኛ አስረዱ፤ ሠራተኛው ይግባው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ይህን ልብ በሉልኝ። ያለው እሱ ነው።

ሙሉቀን ተነሳ። የታዘዘውን የሚያደርግ ልጅ ነው። ሰርቨርን አገልጋይ፣ ሪስታርት መደረግን መነሳት ብሎ ተርጉሞ፣ ረጋ ባለ ድምፅ እንዲህ አለ፦

«የሞጣው አገልጋይ ከመስቀል ወዲህ አልተነሳም፤ ሥራውም አልተጓደለም። የቢቸናው አገልጋይ ግን በየቀኑ ካልተነሳ አይሠራም፤ ሕዝቡም በረንዳ ላይ ይውላል። ስለዚህ የቢቸናው አገልጋይ ይቀየር የሚል ሐሳብ አለኝ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ብቻ ነኝ ራሴን የነቀነቅሁት፤ ትክክል ነዋ! በዚያች ጸጥታ መሐል ከበሩ አጠገብ ዘበኛችን ጋሽ ፈንቴ፣ እሳቸውም የድሮ የቅኔ ተማሪ ናቸው፣ ቅኔ ሲወርድ እንደሚባለው በሙሉ ድምፃቸው፣

«ይበል!» አሉ።

በቃ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ወተፉ። ከኋላ አንዱ «ይድገመው!» አለ። የኃላፊው ፊት ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ሙሉቀን ግን ምን እንደተፈጠረ አልገባውም፤ ግራና ቀኝ ያያል። ሌላ አገር ቢሆን የተናገረው እንደተናገረው በተወሰደለት ነበር። እኛ ዘንድ ግን ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ውኃ አጠጡኝ ቢል እንኳ፣ ውኃው ምንድን ነው ተብሎ ይመረመራል። ሙሉቀን በዕድሜው አንዴ ሰሙን ብቻ ተናገረ፤ ወርቁን ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው ቆፍሮ አወጣለት።

«የሞጣው አገልጋይ አንተ ነህ፣ የማትነሳው» አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ። «የቢቸናው እኔ ነኝ፣ የምነሳው። አይደለም?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ማሽኑን ነው ያልኩት!»

«ማሽን ሕዝብ ያገለግላል?»

እኔ አላስችል አለኝና ብድግ አልኩ። «ጌታዬ፣ ስህተት የለበትም። እኔ ራሴ የቢቸናውን በቀን ስንቴ እንደማስነሳው ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ጠዋት እንኳ አስነስቼዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላም መነሳቱ አይቀርም...» ስል ሳቁ እንደገና አዳራሹን አናጋው። በስመ አብ! ባወራሁ ቁጥር እያባባስኩት ነበር። እጄን የያዘችኝ ጓደኛዬ፣ «ተቀመጭ በእናትሽ፣ ተቀመጭ!» ብላ ጎትታ አስቀመጠችኝ።

«እስቲ ማን እንደሚነሳ እናያለን» አለ ኃላፊው።

ሳምንት ሳይሞላ ሙሉቀን ለሥራው ሲባል ወደ ደብረ ኤልያስ እንዲዛወር ተወሰነ ተባለ። ለሥራው ሲባል! ደብረ ኤልያስ ቅርንጫፍ እኮ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረም። አገሩ መልካም አገር ነው፣ ሰውም ደግ ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ግን እዚያ ምን ሊነካ ነው? ምን ሊያይ? ያቺ ሴትስ?

አንጀቴ አሮ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ላስረዳው፣ ልለምነው፣ ካልሆነም ልናገረው ብዬ ነው። ስገባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ይደበድባል። ስታክ አድርጎበታል።

«እንኳን መጣሽ፣ ቀስቃሿ» አለኝ ቀና ሳይል። «ይኼ ነገር ተኝቷል፣ እባክሽ አስነሽው።»

ባለሁበት ቆምኩ። «ምን አሉኝ?»

«አስነሽው! አትሰሚም እንዴ?»

«ይኸው ጌታዬ፣ እርስዎም አሉት! አስነሽው አሉ። ሙሉቀን ያለው እኮ ይህንኑ ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመረም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰው የላትም። በአንድ ቃል ሰው እንዲህ ይደረጋል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ተገርሞ እንኳ አልነበረም። «እኔ ስለው ኮምፒውተር ነው» አለኝ። «እሱ ሲለው ቅኔ ነው። አስነሽና ውጪ።»

አስነስቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ የሐዘን ለቅሶ አልነበረም፣ የንዴት ነበር። ጋሽ ፈንቴ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «እኔ ነኝ ጦሱ» አሉኝ። «አፌ አመለጠኝ። መልካም ነገር ስሰማ ይበል ማለት ለምዶብኝ ነው።» በእሳቸው አልፈርድም። ቅኔ ሰምቶ ዝም የሚል ጎጃሜ ከየት ይመጣል? የምፈርደው የራሱ ወንበር ስለሚነቃነቅ የሰውን ቤት ባፈረሰው ላይ ነው።

ሙሉቀን ግንቦት ላይ ሄደ። ሞጣ የተተካው ሰው ጥንቁቅ ነኝ ባይ ነበር፤ «ማሽንም ይደክመዋል፣ ይረፍ» እያለ ማታ ማታ ያጠፋው ጀመር። ባትሪዎቹንም ቦታ አጣበቡ ብሎ አስወጣቸው። ሐምሌ ላይ መብራት እየሄደ እየመጣ አንድ ጠዋት ማሽኑ ተነስ ቢሉት እንቢ አለ። እኔ ተጠርቼ ሄጄ ያለ የሌለ ዘዴዬን ሁሉ ሞከርኩ። ያ ከመስቀል ጀምሮ እም ሲል የነበረ ማሽን ጭጭ። ውስጡ የነበረው ማህደር አብሮት ቀረ። የሞጣ ሰው ክረምቱን ሙሉ እርሻውን ትቶ፣ ምስክር ቆጥሮ፣ የገዛ መሬቱን የኔ ነው እያለ ሲያስረዳ ከረመ።

እናኑም በዚያው ክረምት ወለደች፤ ጎረቤት ይዟት ነው የወለደችው። በወቅቱ ደብረ ኤልያስ ስልክ ማግኘት መከራ ነበር፤ ቀኗ ደርሷል የሚለው መልእክት ሲደርሰውም ፈቃድ እስኪሰጡት ቆየ። በማርቆስ በደጀን ዞሮ፣ በጭቃ ከመኪና እየወረደ እየገፋ ቢቸና መናኸሪያ ሲደርስ አገኘሁት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። በፌስታል ሙዝ ይዟል።

«ወለደች፣ ሙሉቀን» አልኩት። «ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ሙዙን መሬት አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀና ሲል፣ «ማሽኑስ?» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ የፌስታሉን ጭቃ ጠረግሁለት። ያኔ ገባው። «እሱም አልጠበቀኝም በይኝ» ብሎ ፌስታሉን አነሳና ወደ ሞጣው መኪና ሄደ።

ኃላፊው ራሱ ጥቅምት ላይ ተነሳ። ያነሳው ሙሉቀን አልነበረም፣ ቅኔም አልነበረም፤ ከላይ በስልክ ተነሳ አሉት፣ ተነሳ። እኔ ደስ ብሎኝ አዲሱ ኃላፊ ዘንድ ሮጥኩ፤ አሁንስ ሙሉቀን ይመለሳል ብዬ። እሱ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የቆየ ነገር አታንሽብኝ!» ወይ ይቺ ቃል! ሰው ስታነሳ እንጂ ነገር ስታነሳ አይወዱላትም። እናኑ ዝውውር ለማግኘት ስትጠይቅ ስትከለከል ከረመች፤ በመጨረሻ ያን ቤት ሸጣ ልጇን አዝላ ደብረ ኤልያስ ገባች። እዚያው ኖሩ። ሙሉቀን አሁን ልጆች ያስተምራል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን።

ዛሬ ስለ ማሽኖቹ ቢጠየቅ፣ ሁሉም ተሻሽሏል። ዊንዶውሱም እንደ ድሮው በየሰዓቱ አይዘረርም፤ የልጄ ላፕቶፕ መታደስ ሲፈልግ ራሱ ተነስቶ ራሱ ይቆማል። ሊኑክሱም አልፎ አልፎ ልቡን ይቀይራል። ያልተሻሻለው ሰው ነው። ይኸው ቢቸና፣ ይኸው መስኮት፣ ይኸው በረንዳ ላይ የተቀመጠ ገበሬ። ያን ጊዜስ ማሽኑ እስኪነሳ ቡና የሚፈላበት ያህል ነበር የሚጠብቀው።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ፣ የስልኬን ጽሑፍ ፎቶ አንስቼ ለሙሉቀን በቴሌግራም ላክሁለት፤ አገልጋዩ ምላሽ እየሰጠ አይደለም የምትለዋን። ከስር «ቃልህን ሰረቁህ» ብዬ ጻፍኩበት። ወዲያው መለሰልኝ።

«ይኼ ሰውዬ እስካሁን አልተነሳም እንዴ?»

ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያኔ መስኮቱ ሊዘጋ ሲል አየሁ፤ ልጁ ለምሳ ሊወጣ ቁልፉን አንስቷል። ከኋላው፣ ውስጥ፣ የሚሽከረከረው ወንበሩ ላይ ኃላፊው ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ሽማግሌው ከፊቴ ከዘራቸውን ይዘው እንደቆሙ ናቸው፤ አንድም ሰው ይቀመጡ አላላቸውም። እንዴት እንደወጣኝ ሳላውቅ፣ በረንዳውን በሚያናጋ ድምፅ፣

«የቢቸናው አገልጋይ ይነሳ!» አልኩ።

ዘበኛው ዞር አለ። ከዚያ ባለ ሻሹ ሽማግሌ ከዘራቸውን ሲሚንቶው ላይ ቸክ አድርገው፣

«ይበል!» አሉ።

ልጁ ደንግጦ መስኮቱን መልሶ ከፈተው። «ሰርቨሩን ነው ማዘር?» አለኝ። «እሱንማ ሪስታርት እያደረጉት ነው።»

«እሱንም» አልኩት።